ከአባቴ አፍ የተረፉት ቃላት

«ያባትሽን አፍ የዘጋው በሽታው መስሎሻል? አንቺ ነሽ የዘጋሽው።»

አክስቴ ናት ያለችኝ። ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ከሚሴ፣ የቤታችን ደጃፍ ላይ፣ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛ። የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ነገር ማለዘብ አታውቅም፣ እኔም አላውቅም፣ በዚህ ምክንያት ከልጅነቴ ጀምሮ እንዋደድ ነበር። ያን ቀን ግን መልስ አጣሁ። እኔ ደግሞ መልስ አጥቼ አላውቅም።

ዛሬ ይሄን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ወደ ሥራ ስሄድ ሚኒባሱ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት እናት የጥቁር አዝሙድ ዘይት ተቀብተዋል። መስኮቱ አይከፈት፣ ረዳቱ በሰው ላይ ሰው ይጭናል፣ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እናቴ በየማለዳው የአባቴን ቀኝ ክንድ በዚያ ዘይት ታሸው ነበር። ፀሐይዋ በበሩ ስትገባ ክንዱ እንደተወለወለ እንጨት ያብረቀርቃል፤ ግን አይነሳም። እሷ ታሻለች፣ «አብሽር፣ አብሽር» ትለዋለች፣ እሱ ጣሪያውን ያያል። ከሚኒባሱ ወርጄ እንኳ ሽታው አለቀቀኝም።

አባቴ ደላላ ነበር። የቤት አይደለም፣ የከብት። በሰንበቴ ገበያ ከቆላ ግመልና ፍየል ነድተው የሚወጡትን አፋሮች፣ ከደጋ በሬ ይዘው የሚወርዱትን ገበሬዎች፣ ከደሴ በአይሱዙ የሚመጡትን ነጋዴዎች የሚያገናኝ እሱ ነው። ትንሽ ሆኜ ይዞኝ ይሄድ ነበር። አቧራው፣ የፋንድያው ሽታ፣ የፍየሎቹ ጩኸት፤ ከሁሉም በላይ ግን የሱ ድምፅ። ለገበሬው በኦሮምኛ ይጀምርና ሳይተነፍስ ለነጋዴው በአማርኛ ይጨርሰዋል፤ መሃሉ ላይ ለአፋሩ የምትሆን ቁራጭ ጣል ያደርጋል። ቋንቋ ሲለውጥ ሰው ከጥላ ወደ ፀሐይ እንደሚያልፈው ነው፤ እግሩን ቆም አያደርግም። እኔ እንኳ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው ሁለት ቋንቋ መሆናቸውን ያወቅኩት። ቤታችን ውስጥ ማውራት ብቻ ነበር ያለው።

ሥራው ከአፉ ቀጥሎ በእጁ ነው። የሻጩን ቀኝ እጅ በአንድ እጁ ይይዛል፣ የገዢውን በሌላው፤ መዳፍ ለመዳፍ ያጋጥማቸውና በራሱ እጅ ከላይ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋባቸዋል። ሻጩ ሊሸሽ ወደኋላ ይጎትታል። ገዢው «ተወኝማ!» ይላል። አባቴ መሃል ቆሞ እንደ ቀንበር ይዟቸዋል። «በል ይባርክ በል! በል! ይባርክ በል!» ይጮኻል፣ አንገቱ ላይ ሥሩ እስኪገተር። አንዴ «ይባርክ» ከተባለ አለቀ። በሬው ማታውን ቢሞት፣ ፍየሏ መንታ ብትወልድ፣ ማንም ተመልሶ አይጠይቅም። ቃል ወጥቷላ።

ስለኔም ቃል አውጥቶ ነበር። አስራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ትልቁ አጎቴ ስለ ባል ነገር ሊያነሳ ሲል፣ አባቴ ለምሳ እጁን እየታጠበ ነበር። ቀና እንኳ አላለም። «ይቺ ልጅ አስራ ሁለተኛን ሳትጨርስ ሽማግሌ ደጄን እንዳይረግጥ» አለው። እኔ ሳህኑን ይዤ ቆሜ ጥርሴ አልከደን አለኝ።

በቀጣዩ ዓመት፣ ዝናቡ ወጥቶ የጨፋ ሜዳ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ከገበያ በሰው ተደግፎ መጣ። ምች መታው አሉ። ጅን ነካው ያሉም አሉ። ደሴ ሆስፒታል ወሰድነው፤ ደም አንጎሉ ውስጥ ፈሷል፣ እግሩ ይሻለዋል፣ ክንዱ ይዘገያል፣ ንግግሩን አላህ ያውቃል አሉን። ሐኪሙ እንደዚያ ነው ያለው፣ «አላህ ያውቃል»። ለዚህ ነው እንዴ ደሴ ድረስ የወጣነው ስል እናቴ ክርኔን ቆነጠጠችኝ።

ቤት ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት የሆነ ነገር ፈለገ። «ያ… ያን… ያ…» አለኝ። ጫማውን አመጣሁ። ራሱን ነቀነቀ። መስገጃውን አመጣሁ። ሬዲዮውን አመጣሁ። ላብ አጠመቀው። በግራ እጁ ወለሉን መታው። ውሃ ነበር የፈለገው፤ ኩባያው እግሩ ሥር ነበር፣ «ውሃ» የምትል ቃል ግን በአማርኛም በኦሮምኛም አልመጣችለትም። እንባዬ ሊመጣ ሲል ጎረቤታችን ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው «አሰላሙ አለይኩም» አሉ።

የአባቴ አፍ እንደ ቧንቧ ተከፈተ።

«ወአለይኩም ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ! አካም ቡልተኒ? ነጋ? ልጆች ደህና? ከብቱ ደህና? ዝናቡስ? አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ! ግቡ፣ ግቡ!»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ማሻአላህ! ድኗል እኮ!»

«አልዳነም!» አልኩ። «እስቲ ‘ውሃ ስጡኝ’ በል በሉት!»

«ምን ሆነሻል አንቺ? አሁን ከኔ ጋር ሲጫወት አልሰማሽም?»

የኛን አገር ሰላምታ የማያውቅ ይሄ አይገባውም። እኛ ጋ ሰላምታ አንዴ ተብሎ የሚያልፍ ነገር አይደለም። ስለ ሌሊቱ ትጠየቃለህ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ላሙ፣ ስለ እህሉ፤ ተመልሶ ደግሞ ከላይ ይጀመራል። መሃል ላይ ምስጋና፣ ጫፉ ላይ ምርቃት። ከሰላምታ ሌላ ቃል የሌለው ሰው አንድ እንግዳ አስገብቶ፣ አስተናግዶ፣ መርቆ መሸኘት ይችላል። አባቴ ይሄን ነው ያደርግ የነበረው። ፋቲሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያወርደዋል። ይመርቃል። ባጃጅ ነጂ እንኳ ዕቃ ሊያደርስ ቢመጣ በሩ ላይ ቆሞ ይመረቃል። ሰዉ ሁሉ ደስ ብሎት ይወጣል። እንግዳው ከወጣ በኋላ ወደኔ ዞሮ «ያ… ያ…» ይላል፣ ያ ሁሉ ወሬኛ ሰው የት እንደገባ አይታወቅም። ለማን ልንገር? የሚያምነኝ አልነበረም። ያበድኩ ያህል ነበር።

አንድ ሰው ብቻ አመነኝ። የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ በልጅነቴ ግንባሩን በድንጋይ ፈንክቼዋለሁ፣ ምልክቱ አሁንም አለ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን በቋንቋ ጥናት እየሠራ ነበር፣ ለእረፍት መጣ። አባቴ አጠገብ ቁጭ ብሎ ከሰላምታ እስከ ሰላምታ አዳመጠው። ሰላምታው በኦሮምኛ፣ ዱዓው በዓረብኛ፣ «ግቡ፣ አረፍ በሉ» በአማርኛ። ሲወጣ ዓይኑ በርቶ ነበር።

«ስሚ፣ ይሄ እኮ ትልቅ ነገር ነው!»

«ለማን?»

አፈረ። ከዚያ ግቢያችን ግንብ ላይ ተቀምጦ አስረዳኝ፤ ማስረዳቱን ይችልበታል። ምሁራኑ ሁለት ጎራ ናቸው አለኝ። አንደኛው ወገን፣ ሰዋስው ማለት ጭንቅላት ውስጥ ያለ ፋብሪካ ነው ይላል፤ ቃል ያስገባሉ፣ በሕጉ ይገጣጠማል፣ ሰምተነው የማናውቀው ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ተዘጋጅቶ ያለቀው፣ «እንዴት አደራችሁ» የሚባለው ዓይነት ደግሞ ሌላ መጋዘን ውስጥ ነው። በዚህ ከሄድን ያባትሽ ፋብሪካ ተቃጥሏል፣ መጋዘኑ ተርፏል። ሁለተኛው ወገን፣ ፋብሪካ የሚባል የለም ባይ ነው። ሁሉም መጋዘን ነው፤ ከሰው የሰማነውን ቁራጭ እየቀጠልን፣ እየቆረጥን ነው የምናወራው። ሰዋስው ማለት ከብት ሲመላለስበት ሜዳ ላይ የሚወጣ መንገድ ነው፤ ማንም አልቀየሰውም።

«እሺ። የትኛው ነው ልክ?»

«አልተቋጨም።»

«አልተቋጨም ማለት?»

«ገና እየተከራከሩ ነው።»

«ያንን ለመማር ነው ያን ሁሉ ዓመት የሄድከው? እኔ የደላላ ልጅ ነኝ። የማይቋጭ ነገር አታምጣብኝ።»

ሳቀ። በማግስቱ ግን ሥዕል ይዞ መጣ፣ በእስክሪብቶ የሣለውን። በአንዱ ወረቀት ውሻ ሰው ይነክሳል፣ በሌላው ሰው ውሻ ይነክሳል። «ሰውየው ውሻውን ነከሰው፣ የቱ ነው?» አለው አባቴን። ማን ማንን ምን እንዳደረገ ከገባው፣ ውስጡ ገና እየሠራ ነው ማለት ነው አለኝ። አባቴ ሥዕሉን አየና ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቅ፣ የገበያውን ሳቅ ሳቀ። ልክ የሆነውን ጠቆመ። ሌላ ሥዕል ተሰጠው፣ ሳተ። በኦሮምኛ ተጠየቀ፣ ጠቆመ። ደግሞ ሳተ። በመጨረሻ ወረቀቶቹን ሰብስቦ በግራ እጁ ጉልበቱ ሥር አደረጋቸውና «አልሃምዱሊላህ» አለ። ጨዋታው አለቀ ማለቱ ነው። ወይም ማለቱ አይደለም።

«እና?» አልኩት ጎረቤቴን።

«በዚህ ብቻ ምንም ማለት አይቻልም።»

«ሲናገር ያውቀዋል ወይስ አፉ ነው የሚናገረው?»

«አንቺስ ‘ደህና አደራችሁ’ ስትይ አስበሽ ነው?»

ተናደድኩበት። ጥያቄዬን መልሶ ሲሰጠኝ ሁሌ እናደዳለሁ። አሁን ግን የምሠራበት ካፌ ውስጥ ሒሳብ መቀበያው ጋ ቆሜ ቀኑን ሙሉ «ምን ልታዘዝ? በደስታ! እንደገና ይምጡ!» ስል እውላለሁ። እግሬን እያመመኝ፣ ሌላ ነገር እያሰብኩ፣ «በደስታ»። አስበሽ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።

ሽማግሌ መምጣቱን ያወቅኩት ከእናቴ ዓይን ነው። ከማለዳው ጀምራ ትጠርጋለች፣ ምንጣፉን ታራግፋለች፣ ወደኔ ግን አታይም። «ማን ነው የሚመጣው?» አልኳት። «ጠያቂዎች ናቸው፣ አባትሽን» አለችኝ መጥረጊያውን እያየች። አጎቴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ቀድሞ ደረሰ። ዝርዝሩን ከአክስቴ ልጅ ነው የሰማሁት፤ ባል የተባለው የጨፋ ሮቢት ነጋዴ ልጅ ነው፣ ሳዑዲ የሚሠራ፤ ኒካሁ ይታሰርና እኔ እከተለዋለሁ። ፎቶውን እንኳ አላየሁም። አጎቴ ለሁሉም ያለው አንድ ነገር ነው፤ «አባቷ አለ፣ አንደበቱም ድኗል፣ ራሱ ይስጥ።»

ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ። ገቡ። ጫማቸው በር ላይ ተደረደረ፣ ሽቷቸውና የመንገዱ አቧራ አብረው ገቡ። ሰላምታ ተጀመረ። አባቴ እንከን አልነበረውም። በኦሮምኛ ሲጠይቁት በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ሲያመሰግኑ በአማርኛ፤ የተሰጠውን ሁሉ ይመልሳል። አጎቴ ወደ መጋረጃው ዞር ብሎ አየ። «አላልኩሽም?» የሚል አስተያየት።

ጢማቸውን በሂና ያቀሉት ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወንድሜ፣ የመጣነው ለዝምድና ነው። ልጅህን ለልጃችን ብለን ነው። አላህ ካለ፣ አንተም ከፈቀድክ…» አሉና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉለት።

አባቴ እጁን አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በግራ እጁ በድን ክንዱን ከጭኑ ላይ አነሳው፣ ተሸክሞ አመጣው፣ ሽማግሌው መዳፍ ላይ አስቀመጠው፣ ከላይ በግራው ጥርቅም አድርጎ ያዘ። አንገቱ ላይ ሥሩ ተገተረ።

«ይባርክ! በል ይባርክ በል! ይባርክ!»

የሰንበቴ ድምፁ ነበር። ከታመመ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

«አሚን! አሚን!» ቤቱ ተናወጠ። አጎቴ ዓይኑን ጠረገ፤ ውሸቱን አልነበረም፣ ደስ ብሎት ነው። ፋቲሃ ሊደረግ መዳፍ ተዘረጋ፣ ከሁሉ ቀድሞ ጥርት ብሎ የሚሰማው የአባቴ ድምፅ ነበር።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

«አንቺ! ውጪ!» አለ አጎቴ።

«አልሰጠም» አልኩ። «እጅ ሲዘረጉለት ገበያ መስሎት ነው። ለማንም ይላል።»

«ልጄ፣» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ «አባትሽ በገዛ አንደበቱ ተናግሯል። እኛ ሁላችን ሰምተናል።»

«አንደበቱ የሱ አይደለም! ይላል እንጂ አያውቀውም። ላሳያችሁ?»

«አስተግፊሩላህ» አለ አንዱ።

ማንም ሳይይዘኝ አባቴ ፊት ተንበረከክኩ። ቀኝ እጄን ዘረጋሁለት፣ ሽማግሌው እንደዘረጉት።

«አባ፣ እኔን ለጅብ ስጠኝ። ጅብ ይብላኝ፣ አጥንቴም አይቅር። ይባርክ በል።»

ክንዱን ተሸክሞ አመጣ። እጄ ላይ አስቀመጠው፤ ከባድ ነበር፣ ቀዝቃዛ፣ የዘይቱ ሽታ አለው። በግራው ከላይ ያዘኝ።

«ይባርክ! በል ይባርክ በል!»

ውጭ መንገዱ ላይ ባጃጅ ያልፋል፣ እናቴ ጓዳ ውስጥ የሆነ ብረት ነገር ጣለች። ሽማግሌው የተዘረጋ መዳፋቸውን ቀስ ብለው አጠፉት። አሸንፌያለሁ። ቀና ብዬ ሁሉንም በየተራ ልመለከታቸው አሰብኩ፣ ግን አባቴ እያየኝ ነበር። አፉ «ይባርክ» እንዳለ ገና አልተገጠመም፤ ዓይኑ ግን ከአፉ ጋር አልነበረም። ሞላ። እንባው በጉንጩ ወረደ። ግራ እጁ የኔን እጅ ጣት በጣት ለቀቀው። ከዚያ አፉን ገጠመ።

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ሲያደርጉ ትልቁ ለአጎቴ፣ «ሰውየው ታሟል እኮ። ምነው ሳትነግረን?» ሲሉት ሰማሁ። በቁጣ አልነበረም። አጎቴ መሬት መሬት ያያል። የጋብቻው ነገር በዚያው ቀረ፣ ማንም ዳግም አላነሳውም።

በማግስቱ ጎረቤታችን ሽማግሌ መጥተው በሩ ላይ «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። አባቴ ምንጣፉን አየ። ደገሙት። «አካም ቡልተ?» አሉት። ምንም። ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ የት እንደሚቀመጥ ጠፋው። ትንሽ ቁጭ ብለው፣ ከእናቴ ጋር ስለ ማሽላው አውርተው ወጡ። ሌላም መጣ፣ እንዲሁ ሆነ። ወሬውም ቀድሟቸው ነበር፤ ለጅብም ይባርክ ይላል ተብሎ። ሰው ሰላምታውን የማይመልስለት ቤት ምን ሊያደርግ ይመጣል? በሩ ላይ የሚደረደረው ጫማ ቀነሰ፣ ከዚያ ቀረ። እኔው ራሴ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ «አካም ቡልተ፣ አባ? ነጋ?» እያልኩ ማለዳ ማለዳ አስቸግረው ጀመር። ድሮ በኦሮምኛ ሲያናግረኝ በአማርኛ እየመለስኩለት ነው ያደግኩት፤ ይሄው አሁን ተራዬ ደረሰ። ጣሪያውን ያያል። እናቴ ዘይቱን ታሻለች።

ጎረቤቴ ሊመለስ ሲሰናዳ ሄጄ ያዝኩት። ቦርሳው ውስጥ ልብስ እያጠፈ ነበር።

«አንድ ነገር ንገረኝና ሂድ። ካልገባው ለምን አለቀሰ?»

«ገብቶት ሊሆን ይችላል።»

«የኔ ከገባው የሽማግሌዎቹስ? እሱም ገብቶት ‘ይባርክ’ ብሎ ቢሆንስ? ሐሳቡን ለውጦ ቢሆንስ? እንደታመመ ሲያውቅ፣ ይቺን ልጅ ማን ያያታል ብሎ፣ አስቦበት ሰጥቶኝ ቢሆንስ?»

ሸሚዙን አስቀመጠ። «መረዳትና መናገር በአንድ በር ይግቡ ይውጡ፣ በሁለት በር፣ እስካሁን…»

«በር በር አትበለኝ!»

«ወይም ደግሞ ቃልሽን አይደለም የተረዳው። ፊትሽን ነው። ድምፅሽን ነው። ፊት ላይ ያየውም እኮ ትርጉም ነው፤ ቋንቋ ከዚያ ይለያል አይለይም ራሱ…»

«አልተቋጨም።»

«አልተቋጨም» አለ። በዚህኛው ጊዜ አልሳቀም። ከመሄዱ በፊት ሥዕሎቹን ይዞ ቤት ገባ፣ ለኔ ሲል። አባቴ ወደ ግድግዳው ዞረ። ልጁ ወረቀቶቹን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

እንግዲህ አክስቴ የመጣችው ይሄን ጊዜ ነው። አባቴን «ወንድምዬ፣ ወንድምዬ» ብላ፣ ለምናው፣ ዘፍናለት፣ በልጅነታቸው የሚባባሉትን ሁሉ ብላ፣ ትንፍሽ ሳይልላት ሲቀር ወጣችና ደጃፉ ላይ ያንን አለችኝ። አንቺ ነሽ የዘጋሽው።

«ልዳር ነበር?» አልኳት። «ለማላውቀው ሰው፣ በበሽተኛ አፍ?»

«ማን ተዳሪ አለሽ? ሌላ ዘዴ አልነበረሽም? እምቢ ብለሽ ብትጮሂ፣ ወደኔ ብትሮጪ፣ ጫካ ብትገቢ?»

«ቃሉ ባዶ ነበር እኮ።»

«ባዶም ሆነ ሙሉ የሱ ነበር። ሰላም ይላል፣ ሰላም ይባላል። ይመርቃል፣ አሚን ይባላል። እኛስ ከዚያ ሌላ ምን ስናወራ እንውላለን?»

እዚህ ላይ ነው መልስ ያጣሁት። እስከ ዛሬም ፈልጌያለሁ። ሚኒባስ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ የሰው ሒሳብ እየተቀበልኩ። ብጮህ አጎቴ «ሴት ልጅ ጮኸች» ብሎ ያልፋል። ብሸሽ ቃሉ ወጥቷል፣ ይከተለኛል። ይሄን ሁሉ ለአክስቴ በልቤ አስረድቻታለሁ፣ እያሸነፍኳት። ከዚያ ደግሞ ያ እጅ ጣት በጣት ሲለቀኝ ይመጣብኛል።

አስራ ሁለተኛን ተፈተንኩ። ወደቅኩ። ልንገራችሁ እንጂ ምን እደብቃለሁ፤ ለዚያ ሁሉ ፍልሚያ፣ ወደቅኩ። አጎቴ እንኳ አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የእናቴ ዘመድ ኮምቦልቻ ካፌ ሥራ አገኘችልኝ። ልብሴን በአንድ ቦርሳ ከተትኩ።

የምሄድ ቀን ጠዋት እናቴ ባጃጅ ጠርታ ነበር፣ እስከ መናኸሪያ የሚያደርሰኝ። እኛ ቤት ሰው ሳይመረቅ ደጃፍ አይሻገርም። ለደሴም ይሁን ለጅዳ፣ መንገደኛ አባቱ ፊት ቁጭ ይላል፣ መዳፉን ይዘረጋል፣ የሚወርድለትን ዱዓ አሚን አሚን እያለ ይቀበላል። አባቴ ጥግ ላይ ትራሱን ተደግፎ ነበር፤ የጠዋት ፀሐይ እግሩ ላይ ደርሳለች። ፊቱ ቁጭ አልኩ። እናቴ ከኋላዬ ቆመች።

«አባ፣ ልሄድ ነው። ዱዓ አድርግልኝ።»

ዓይኑን ከጣሪያው አውርዶ አየኝ። መዳፌን ዘረጋሁ። አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ የመጀመሪያውን ቃል ቅርፅ ያዘ፤ ትንፋሹ ሲገባ ሰማሁት። ጠበቅኩ። ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል ቀስ ብሎ አፉን መልሶ ገጠመው።

ውጭ ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ።

«አሚን» አለች እናቴ ከኋላዬ፣ መዳፏን ዘርግታ። «አሚን፣ አሚን።»

መዳፌን ፊቴ ላይ አበስኩ። ቦርሳዬን አነሳሁና ወጣሁ።